ከአዋጁ እስከ መድኃኒት ቤቱ መስኮት

በ2002 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅን በቁጥር 690 አጸደቀ። ደመወዝተኛውና ጡረተኛው ከነቤተሰባቸው በየወሩ ከሚያዋጡት ገንዘብ እንዲታከሙ፣ በታመሙ ቀን ኪሳቸውን እንዳይዳብሱ የታሰበ ሕግ ነበር። በዓመቱ፣ በ2003፣ ገበሬውንና ቋሚ ደመወዝ የሌለውን የከተማ ነዋሪ የሚመለከተው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ሁለቱ እኩል አልተጓዙም። ፓርላማ ያጸደቀው መድን ከአሥር ዓመት በላይ ከአንድም ሠራተኛ ደመወዝ መዋጮ ሳይሰበስብ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ቆየ። በሙከራ መመሪያና በክልሎች ደንብ የተነሣው ግን ከወረዳ ወደ ወረዳ እየሰፋ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ አቀፈ።

የዚህን ልዩነት ምክንያት በሕግ አረቃቀቅ ውስጥ መፈለግ ይቻላል። እኔ ግን ሕጎቹን የምመዝነው በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነው። ከመስኮቱ ወዲህ የመድን ደብተሩን የያዘ ታካሚ ቆሟል፤ ከመስኮቱ ወዲያ ደመወዙ ወር የማያደርሰው ባለሙያ አለ። ላለፉት ሃያ አምስት ዓመታት የወጡት የጤና ሕጎችና ደንቦች አንዱን ሲያስቡ ሌላውን እየዘነጉ መጥተዋል። በዚህም የተነሣ ሁለቱም የተጎዱ ሰዎች በአንድ መስኮት ግራና ቀኝ ቆመው እርስ በርስ ይወቃቀሳሉ።

ነገሩ ከመድን በፊት ይጀምራል። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት የሰበሰቡትን ብር ለመንግሥት ፈሰስ ያደርጉ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂና እሱን ተከትለው ክልሎች ያወጧቸው አዋጆች ይህን ለወጡት። ተቋማቱ ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲያውሉ፣ በቦርድ እንዲተዳደሩ፣ ሠራተኛው ፕራይቬት ዊንግ የሚለውን ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሰጥ የክፍያ ሕክምና እንዲከፍቱ ተፈቀደላቸው። ጥሩ ለውጥ ነበር። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ባለቀበት ቁጥር ዓመታዊ በጀት ከመጠበቅ ዳነ፤ ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ተጠገነ፤ ስፔሻሊስቱም ማታ የግል ክሊኒክ ከመሮጥ ይልቅ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ተጨማሪ የሚያገኝበት በር ተከፈተለት። ክትባት፣ ወሊድ፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና ከክፍያ ነፃ እንደሆኑ ቀጠሉ። በጣም ለደኸየ ሰው ቀበሌው የነፃ ሕክምና ወረቀት ይጽፍለታል ተባለ።

ይሁን እንጂ የመድኃኒት መግዣው ምንጭ ራሱ ታማሚው ሆነ። የ2009 ዓ.ም.ን ወጪ የሚመለከተው ብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናት አገሪቱ ለጤና ካወጣችው ገንዘብ ሲሶ የሚሆነው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ መውጣቱን አሳይቷል፤ ሌላው ሲሶ የመንግሥት፣ ቀሪው የውጭ ለጋሾች ነበር። ከቤተሰብ ኪስ የወጣ ሲባል ምን እንደሆነ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በሬ ይሸጣል፣ መሬት በእኩል ይሰጣል፣ ከአራጣ አበዳሪ ይወሰዳል፣ ወይም ዝም ተብሎ ይተኛል። ዝም ብሎ የተኛው በየትኛውም የወጪ ጥናት ላይ አይቆጠርም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለዚህ የመጣ መልስ ነበር። ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ በአማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች መካከል ናቸው፤ ትግራይ፣ ኦሮሚያና የያኔው ደቡብ ክልልም የየራሳቸው ነበራቸው። የቀበሌው ሕዝብ በጉባኤ ተወያይቶ ይወስናል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ በፈቃዱ ይገባል። መዋጮው በጊዜው ቀላል ነበር፤ በአማራ ለአንድ ቤተሰብ በወር 12 ብር፣ በኦሮሚያ 15 ብር ያህል ታስቦ፣ የሚሰበሰበው ግን እህል ተወቅቶ ገበሬው እጁ ላይ ብር ሲኖር ነው። ይህን ያሰበ ሰው ገበሬውን ያውቀዋል። የፌዴራል መንግሥት አባላቱ ባዋጡት ላይ የሩብ ያህል ድጎማ ጨመረ፤ መክፈል ለማይችሉት ድሆች ክልሉ 70 በመቶውን፣ ወረዳው 30 በመቶውን ይሸፍን ነበር። ዕድሮች ከተቋቋሙ ጀምሮ ሰው አብሮ ማዋጣትን ያውቅ ስለነበር፣ በየቀበሌው ሐሳቡን ለማስረዳት የዕድር ዳኞች ቃል ከካድሬ ንግግር የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ውጤቱም ታየ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሙከራ ወረዳዎቹ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብ ገባ። በፈቃድ ለሚገባበት መድን ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ቤት ለቤት በተከታታይ የተደረጉ ጥናቶች አባል የሆነው ቤተሰብ ካልሆነው ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ቶሎ እንደሚሄድ፣ ለሕክምና ብሎ መበደሩም እንደቀነሰ አረጋግጠዋል። አባሉ መጀመሪያ ወደ አካባቢው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይገባል። ሪፈሩን ዘልሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ የወጪውን ግማሽ ራሱ ይከፍላል። ደንቡ የከበደበት ሰው ብዙ ነው፤ ሆኖም ወረፋውን ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ የመለሰው ይኸው ደንብ ነው።

ችግሩ የተገለጠው ሰው በብዛት መምጣት ሲጀምር ነው። የመድን አባል የሆነ ሰው ከካርድ ክፍል እስከ ላቦራቶሪ ድረስ ያለ ክፍያ ያልፋል፤ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲደርስ ግን “ይህ የለም፣ ከውጭ ግዙ” ይባላል። ከውጭ ማለት ከግል ፋርማሲ በጥሬ ገንዘብ ማለት ነው። መዋጮውን ከፍሎ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ በመጨረሻም እንደማንኛውም ሰው የከፈለ አባል በቀጣዩ ጥር ደብተሩን ለማደስ አይቸኩልም። የሚያድሰው ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ መድኃኒት በየወሩ የሚወስደው ነው። ጤነኛው ሲወጣ፣ ታማሚው ሲቀር፣ የወረዳው ቋት ይደርቃል።

መድኃኒቱ የጠፋው በስግብግብነት አይደለም። ጤና ጣቢያው አባሉን ያክማል፣ ሒሳቡን ጽፎ ለወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት ይልካል፣ ጽሕፈት ቤቱ መርምሮ ይከፍላል። ከዚያ ጤና ጣቢያው ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ከፍሎ መድኃኒት ያስመጣል። በዚህ ሰንሰለት ላይ አንድ ቦታ ወራት ቢዘገይ መደርደሪያው ይራቆታል። አቅራቢው ራሱ የውጭ ምንዛሪ ጠባቂ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ዋጋ በወራት ውስጥ ተለወጠ፤ የአባላቱ መዋጮ ግን የተሰበሰበው በድሮው ብር ነበር። የመዋጮው መጠን ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ እጥፍ አድጓል። ለረጅም ጊዜ ሀብታሙም ድሃውም አንድ ዓይነት ይከፍሉ ስለነበር ጭማሪው የከበደው የነፃ ሕክምና ወረቀቱ ለጥቂት ባመለጠው ቤተሰብ ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት አንዳንድ አካባቢዎች መዋጮውን በኑሮ ደረጃ መከፋፈል ጀምረዋል፤ ይህ ከመጀመሪያው መሆን የነበረበት ነው።

መስኮቱን አልፈን ወደ ውስጥ እንግባ። ሰው ቶሎ መታከም ሲጀምር በቀን የሚያያቸው ታካሚዎች የጨመሩበት ጤና መኮንንና ነርስ ደመወዙ በዚያው ልክ አልጨመረም። ለእያንዳንዱ አባል የሚሞላው ቅጽ ተጨመረበት። መድኃኒት ስለጠፋ የሚሰደበው እሱ ነው። በየቀበሌው አባል የማስመዝገቡ ሥራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ30,000 በላይ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ ከቀሩት ሥራዎቻቸው ጋር ተደርቦ ወደቀ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ እናቶችን ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ያስተማረች ልጅ፣ የምዝገባው ወቅት ሲደርስ ገንዘብ ጠያቂ ሆና በዚያው ደጃፍ ትቆማለች። በሕዝቡ ዘንድ ያላት አመኔታ በዓመታት የተገነባ ነው። ያንን አመኔታ ለመዋጮ መሰብሰቢያ ማዋል ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ማንም አስቀድሞ ያሰበበት አይመስለኝም።

ወደ ደመወዝተኛው እንመለስ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271 መጠኑን ወሰነ። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፤ ጡረተኛው 1 በመቶ፣ መንግሥት 1 በመቶ። ወር 8,000 ብር የሚከፈለው ሰው 240 ብር ይቆረጥበታል ማለት ነው። ይኸው ሰው ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 560 ብር፣ አስቀድሞ ይቆረጥበታል፤ የሥራ ግብሩ በዚያ ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ በተለይ መምህሩ፣ በየመድረኩ ተቃውሞውን አሰማ፤ የመጀመሪያው ቀን በተደጋጋሚ ተራዘመ።

ተቃውሞውን “ግንዛቤ ማነስ” ብሎ ማለፍ በባለሥልጣናት ዘንድ የተለመደ ነበር። ስህተት ነው። ሠራተኛው የጠየቀው ግልጽ ጥያቄ ነበር፤ በየወሩ ተቆርጦብኝ ሆስፒታል ስሄድ መድኃኒቱ አለ ወይ? የገበሬው መድን ደብተር በመስኮቱ ላይ ያጋጠመውን እሱም ሰምቷል። በተሻሉ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራው ደግሞ በኅብረት ስምምነት ያገኘው ሙሉ የሕክምና ሽፋን ስላለው የበለጠ ከፍሎ ያነሰ ነገር የሚቀበልበት ምክንያት አልታየውም። ደንቡ የማይሸፍናቸውን ሕክምናዎች ዝርዝር ያነበበም ጥያቄው ይጨምራል። ድንገት ከሚከሰተው የኩላሊት መድከም ውጭ የኩላሊት እጥበት አይሸፈንም፤ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ አይሸፈንም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከሉን ከፍቷል፤ አገልግሎቱ በአገር ውስጥ አለ። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ እጥበት የሚያስፈልገው ሰው ግን ቤቱንም ዘመዶቹንም አራቁቶ ለልመና የሚዳረግበትን ወጪ መድኑ ከጅምሩ ከበሩ ውጭ አስቀርቶታል። የእጥበት ወጪ ቋቱን ሊያራቁት እንደሚችል ይገባኛል። ግን ሰው መድን የሚገባው በዋናነት እንዲህ ዓይነቱን ቀን ፈርቶ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በሁለቱ ሥርዓቶች መሐል የቀረው ሰው ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ መድን የተዘረጋው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ነው፤ የማኅበራዊ መድኑ አልጀመረም። ስለዚህ የትምህርት ቤት ጥበቃ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የጽዳት ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ልብስ ሰፊ፣ ጀማሪ መምህር ደመወዝተኛ ስለሆኑ ለገበሬው የተከፈተው በር አይከፈትላቸውም። ለግል ዘርፉ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም። ይኸው አዋጅ ለታመመ የግል ድርጅት ሠራተኛ በዓመት እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ያሳክማል። ከሥራ ጋር ያልተያያዘ በሽታ ሲሆን ግን ሕጉ ጊዜ እንጂ መታከሚያ አይሰጥም። ደመወዙ ወደ ግማሽ የሚወርደው የመድኃኒት ወጪው በሚከብድበት ወር ነው።

በሕግ ውስጥ በቁርጥ ብር የተጻፈ መጠን ምን ያህል እንደሚጎዳ ደግሞ የመኪና አደጋው ሕግ ያሳያል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ቁጥር 799 በአደጋ ለተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና ወጪን እስከ 2,000 ብር ወስኖ ነበር። በወጣበት ዓመት እንኳ ብዙ አልነበረም። እንዲህ ያለው ቁጥር አዋጅ እስኪሻሻል ድረስ ይደርቃል፤ የሲቲ ስካንና የአጥንት ሕክምና ዋጋ ግን አዋጅ አይጠብቅም።

አሁን ስለ ነጭ ጋዋኑ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከ3,000 የሚበልጡ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው አነጋግረው ነበር። ብዙዎቹ ከአዳራሹ የወጡት ከገቡበት በላይ ተከፍተው ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2017፣ ጥያቄው በሥራ ማቆም ተመለሰ። የደመወዝና የተረኛነት (ዱቲ) ክፍያ፣ የመኖሪያ ቤት፣ የሙያ አደጋ ዋስትና ከጥያቄዎቹ መካከል ነበሩ። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ሌላው ጥያቄያቸው ነው፤ የጤና ባለሙያው እሱም ሲታመም መታከም እንዲችል ጠይቋል። መንግሥት ሥራ ማቆሙን ሕገ ወጥ አለው፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ታሰሩ፤ የኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ማኅበር መሪ ሳይቀሩ። በእነዚያ ቀናት ቀጠሮው የተሰረዘበት ታካሚም ተጎድቷል፤ ይህን መካድ አይገባም።

የሕጉ ክፍተት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች፣ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውን የመንግሥት ሠራተኞች ጨምሮ፣ የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሆስፒታል፣ ክሊኒክና መድኃኒት ቤትን አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ብሎ ሥራ ማቆምን ይከለክላል፤ በምትኩ ግን በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ላይ የሚነሣን ክርክር የሚዳኝ ጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ አስቀምጧል። ይህ ለግል ሆስፒታሉ ነርስ ነው። የመንግሥት ሆስፒታሉ ነርስ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለሆነ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት የሚፈራረምበት ጠረጴዛም፣ ስምምነት ሲታጣ የሚዳኘው ቦርድም የለውም። ሥራ ማቆምን የሚከለክል ሕግ ቅሬታ የሚሰማበት መድረክ አብሮ ካላቆመ፣ ክልከላው ለታካሚውም አይጠቅመውም፤ ቅሬታው ተጠራቅሞ አንድ ቀን ሆስፒታሉን ባዶ ያስቀረዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ለዓመታት ባለሙያው ከአገር እየወጣ በሌላ መንገድ ባዶ ሲያስቀረው ቆይቷል።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ከዚህ አልዳኑም። ኬንያ የመንግሥት ሐኪሞቿ ከመንግሥት ጋር የኅብረት ስምምነት የሚፈራረሙባት አገር ናት፤ እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ እስከ 2017 ለ100 ቀናት፣ በ2024 ለ56 ቀናት ሐኪሞች ሥራ አቁመዋል። ከሁለተኛው ዋና ምክንያቶች አንዱ የ2017ቱ ስምምነት አለመፈጸሙ ነበር። በዚያው 2024 በጥቅምት የጀመረው አዲሱ የጤና መድን ከሠራተኛው ገቢ 2.75 በመቶ ይወስዳል፤ ብዙም ሳይቆይ የግል ሆስፒታሎች ያልተከፈለ ዕዳ ይዘው መጮህ ጀመሩ። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ሌላ መንገድ መረጠች፤ ለብሔራዊ የጤና መድኗ ከዕቃና ከአገልግሎት ሽያጭ ላይ 2.5 በመቶ የሚሰበሰብ ልዩ ቀረጥ ደነገገች። ገንዘቡ ሁሉ በወቅቱ ለመድኑ ደርሷል ማለት አይደለም። ነገር ግን መድኑን ገበሬውና ደመወዝተኛው በየፊናቸው በሚያዋጡት ላይ ብቻ አልተወችውም። እኛ ግን ሁለት ቋት ነው የሠራነው፤ አንዱ የድሃ፣ ሌላው ያልተከፈተ። የተሻለ ገቢ ያለው ያልገባበት የድሃ ቋት በየትም አገር ቶሎ ይደርቃል።

ከዚህ በኋላ የሚወጣ ወይም የሚሻሻል ሕግ ሦስት ነገር ቢይዝ እወድ ነበር። የመጀመሪያው መድኑ ለጤና ጣቢያው የሚከፍልበት የጊዜ ገደብ ነው፤ ታካሚው ያላለቀ ደብተር ይዞ መድኃኒት የሚያጣው በዚህ መዘግየት ነውና፣ ገደቡ ሲጣስ የሚጠየቅ አካል በስም መጻፍ አለበት። ሁለተኛው የብር መጠኖች በየጊዜው የሚከለሱበት ደንብ ነው። ሦስተኛው የማኅበራዊ መድኑ አጀማመር ነው። ሁሉንም ደመወዝተኛ በአንድ ቀን ማስገባት ዳግም ተቃውሞ ይጠራል። ከጤና ሠራተኞች ቢጀመርስ? ቁጥራቸው በጤና ሚኒስቴርና በክልሎች ይታወቃል፣ ደመወዛቸው በመንግሥት በኩል ያልፋል፣ ራሳቸውም ጥያቄውን አቅርበዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሠራተኛውን ድርሻም መንግሥት ቢሸፍንላቸው ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይመለሳል። ክፍያ የት ላይ እንደሚዘገይ፣ የትኛው መድኃኒት በየትኛው ወር እንደሚያልቅ፣ የትኛው ቅጽ ከንቱ እንደሆነ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሥርዓቱ ለእነሱ ካልሠራ ጉድለቱን በሙያ ቋንቋ ጽፈው ያቀርባሉ። ከሠራላቸው ደግሞ መምህሩ “መድኃኒቱ አለ ወይ?” ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው በየወረዳው ይኖራል።